የቱርክን የሶሪያ ዘመቻ ለሬዲዮ ዜና ስታዘጋጁ

ጅማ ላይ የውጭ ዜና የምታዘጋጁ፣ መጀመሪያ የትኛው ዘመቻ እንደሆነ ለዩ። ቱርክ ድንበር ተሻግራ ሰሜን ሶሪያ የገባችው አንዴ ብቻ አይደለም። «የኤፍራጥስ ጋሻ» ነሐሴ 18 ቀን 2008 ጀራብሉስ ላይ ተጀመረ፤ «የወይራ ቅርንጫፍ» ጥር 12 ቀን 2010 አፍሪን ላይ፤ «የሰላም ምንጭ» መስከረም 28 ቀን 2012 በቴል አብያድና በራስ አል-አይን።

ስህተት የሚበዛው ቀን ሲቀየር ነው። ከፈረንጁ ዓመት 8 ይቀነሳል፤ ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ግን 7 ነው። ሦስተኛው ዘመቻ በፈረንጅ ጥቅምት 9 ቀን 2019 ስለተጀመረ፣ 8 የቀነሰ ሰው 2011 ብሎ ያነባል።

ከዚያ ተዋጊዎቹ። የመጀመሪያው ዘመቻ ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» በሚለው ታጣቂ ቡድን በአይኤስም፣ በሶሪያ ኩርዶች ታጣቂ ኃይል በዋይፒጂም ላይ ነበር፤ አፍሪን ላይ ዋናው ዒላማ ዋይፒጂ ነው። «ኩርዶች ተመቱ» አትበሉ፤ ዋይፒጂ ታጣቂ ኃይል እንጂ ሕዝብ አይደለም። አንካራ ቱርክን ለዓመታት ከወጋው የኩርድ ታጣቂ ድርጅት ከፒኬኬ ለይታ አታየውም፤ ዋሽንግተን ደግሞ አይኤስን የወጋችው ከእሱ ጋር ሆና ነው። አንዱን ብቻ ከጠቀሳችሁ ዜናው ጎዶሎ ነው።

ስም ስትገለብጡም ተጠንቀቁ፦ የቱርክ ጋዜጦች ጀራብሉስን የሚጀምሩበት «ሲ» (C) ፊደል በቱርክኛ «ጅ» ነው፤ ቁቤ የለመደ ዜና አንባቢ ግን «ጭ» ይለዋል። ለአንባቢው በግዕዝ ፊደል ጽፋችሁ ስጡት።