የባንክዎን ውጤት ከሌሎች ባንኮች ጋር እንዴት ማነጻጸር ይቻላል?

የኢትዮጵያ የግል ባንኮች በየዓመቱ ለባለአክሲዮኖቻቸው የሚያቀርቡት ሪፖርት ብዙውን ጊዜ ትርፉ ከአምናው በስንት በመቶ እንዳደገ በመግለጽ ይጀምራል። ባለአክሲዮኑ ግን በዚያው ዓመትና በዚያው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ሥር የሠሩ ሌሎች ባንኮች ምን እንዳገኙ መጠየቅ አለበት። የባንኩ ትርፍ በ30 በመቶ አድጎ የአቻዎቹ በ50 በመቶ አድጎ ከሆነ፣ ጉባኤው ያጨበጨበለት ቁጥር በእርግጥ የሚያሳየው ባንኩ ወደ ኋላ መቅረቱን ነው።

በመጀመሪያ አቻዎቹን መምረጥ ያስፈልጋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተመሠረቱትን እንደ አዋሽ፣ ዳሽንና አቢሲኒያ ያሉ ባንኮች በ2014 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው አማራ ባንክ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ አይደለም፤ አዲስ ባንክ ቅርንጫፍ ለመክፈትና ሠራተኛ ለመቅጠር የሚያወጣው ወጪ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ትርፍ ይበላዋል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ከዘርፉ ጠቅላላ ሀብት ግማሽ ገደማውን ስለሚይዝ፣ እሱን ጨምሮ የተሠራ የዘርፍ ድምር በአብዛኛው የእሱን ገጽታ እንጂ የግል ባንኮችን አያሳይም። ስለዚህ በዕድሜና በመጠን የሚቀራረቡ አምስት ወይም ስድስት የግል ባንኮችን መርጦ፣ በውጭ ኦዲተር የተመረመሩ የሦስት ዓመታት የሂሳብ መግለጫዎቻቸውን ማሰባሰብ ይበቃል።

ዋናው ስሌት ከግብር በኋላ ያለውን የተጣራ ትርፍ ለባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ካፒታል ማካፈል ነው። ለምሳሌ አንድ ባንክ በ8 ቢሊዮን ብር ካፒታል 2 ቢሊዮን ብር ቢያተርፍ፣ ሌላው ደግሞ በ3 ቢሊዮን ብር 900 ሚሊዮን ብር ቢያተርፍ፣ የመጀመሪያው 25 በመቶ፣ ሁለተኛው 30 በመቶ አግኝቷል፤ የባለአክሲዮኑን ገንዘብ በተሻለ ያሠራው ሁለተኛው ነው። እዚህ ላይ ካፒታል ሲባል የተከፈለው ብቻ ሳይሆን ሕጋዊ መጠባበቂያውና (በሕግ ከትርፉ ተቀንሶ የሚቀመጠው) ያልተከፋፈለው ትርፍም ይጨመራል፤ ካልተጨመረ ለብዙ ዓመታት መጠባበቂያ ያከማቸ ባንክ ከእውነቱ በላይ አትራፊ ይመስላል። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የተከፈለ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ካደረገ ወዲህ ብዙ ባንኮች አዲስ አክሲዮን ስለሸጡ፣ የዓመቱን መነሻና መድረሻ ካፒታል አማካይ መጠቀም ይሻላል። የአንድ አክሲዮን ትርፍን በብር ማወዳደር ደግሞ ከናካቴው ያሳስታል፤ የአንዱ ባንክ አክሲዮን 100 ብር፣ የሌላው 1,000 ብር ተብሎ የተጻፈ ሊሆን ይችላልና ትርፉን ከተጻፈው ዋጋ አንጻር በመቶኛ ማስላት ይገባል።

አንዳንድ ዓመታት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ስለገደበ፣ በ2016 በጀት ዓመት የነበረው የብድር ዕድገት የማኔጅመንትን ብቃት ብዙም አይለይም። ከሁሉ የከበደው ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ነው፤ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ከ100 ብር በላይ በመድረሱ፣ ከዕዳው የሚበልጥ የውጭ ምንዛሪ ሀብት የነበረው ባንክ ምንም ተጨማሪ ሥራ ሳይሠራ ትርፍ፣ የተገላቢጦሹ የነበረው ደግሞ ኪሳራ መዝግቧል። ስለዚህ በ2017 በጀት ዓመት መግለጫ ላይ ከምንዛሪ ለውጥ የመጣውን መጠን ከማብራሪያዎቹ ፈልጎ፣ ውጤቱን ከእነ እሱም ያለ እሱም ማስላት ያስፈልጋል። እኔ የበለጠ የማምነው ያለ እሱ የተሰላውን ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሊደገም የሚችለው ትርፍ ያ ነውና።

ባንክዎ ከአቻዎቹ ያነሰ ሆኖ ከተገኘ ምክንያቱ በሦስት ቦታ ይፈለጋል። የሥራ ማስኬጃ ወጪው ከገቢው የሚወስደው ድርሻ ምን ያህል ነው? ከተቀማጩ ውስጥ ከፍተኛ ወለድ የሚከፈልበት በጊዜ የተገደበው ምን ያህሉ ነው? የተበላሸ ብድር፣ ማለትም በወቅቱ የማይከፈል ብድር፣ ከጠቅላላ ብድሩ ያለው ድርሻስ ብሔራዊ ባንክ ካስቀመጠው የ5 በመቶ ወሰን ምን ያህል ይርቃል? የመጨረሻውን ለብድር ኪሳራ ከተያዘው መጠባበቂያ ጋር አብሮ ማየት ግዴታ ነው፤ የተበላሸ ብድሩ እየጨመረ መጠባበቂያው ካልጨመረ፣ የዘንድሮው ትርፍ በከፊል ከመጪው ዓመት የተበደረ ሊሆን ስለሚችል፣ በጉባኤው ላይ ከትርፍ ክፍፍሉ በፊት ቦርዱ እንዲያብራራው መጠየቅ የባለአክሲዮኑ መብት ነው።