የምርምር መታሰቢያ ቴምብር ስትነድፉ እነዚህን ስህተቶች ሽሹ

ደሴ ውስጥ ስዕል የሚወዱ ልጆችን ሳስተምር አንድ የምወደው መልመጃ አለ። ለአንድ ሳይንሳዊ ምርምር መታሰቢያ የሚሆን ቴምብር እንዲነድፉ አደርጋለሁ። ዘንድሮ የመረጥነው እንዶድን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከዚያ ተነስተው እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አሳዩ።

የመጀመሪያው ስህተት ማይክሮስኮፕ መሳል ነው። "ምርምር" ሲባል እጃችን ወዲያው ወደ ማይክሮስኮፕና ብልቃጥ ይሄዳል። እነሱ ግን ለየትኛውም ምርምር ይሆናሉ። ይህ ግኝት የተጀመረው ወንዝ ዳር ነው። ቦርከና ዳር ልብስ ሲታጠብ እያየ ያደገ የኮምቦልቻ ልጅ ነገሩን ማንም ሳያስረዳው ይስለዋል፦ የሚያጥቡ እጆች፣ አረፋ፣ አንድ የሞተ ቀንድ አውጣ። በቃ።

ሁለተኛው ሁሉንም ማጨቅ ነው። የሳይንቲስቱ ፊት፣ ተክሉ፣ ወንዙ፣ ባንዲራው፣ አንድ አንቀጽ ጽሑፍ! ቴምብር ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ኮምፒውተር ላይ አጉልታችሁ ስትሠሩ ይህን ትረሱታላችሁ። በትክክለኛ መጠኑ አትሙና ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እዩት። ፊደሉ ከቀጠነ "ለ"ና "ሉ" አይለዩም። ስለዚህ ጽሑፉ አጠር፣ ፊደሉ ወፈር ይበል።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ሳይንሱን በግምት መሳል ነው። አንዷ ተማሪዬ እጅግ የሚያምር ቀንድ አውጣ ስላ መጣች። በክረምት አጥር ላይ የምናየው ዓይነት ነበር። በአገራችን የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ግን ውሃ ውስጥ የሚኖር ነው። ቅርፊቱም ጠፍጣፋ፣ እንደ ተጠቀለለ ቀበቶ ያለ ነው። ዲኤንኤም እንዲሁ ነው፤ ጥምዝምዙ ወደ ቀኝ መሆን ሲገባው ስንቱ ወደ ግራ ይስለዋል! እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ምሥራቅ ጀርመን ለሙዚቃ ደራሲው ሹማን መታሰቢያ ባወጣችው ቴምብር ላይ የሌላው ደራሲ የሹበርት ኖታ ታትሞ፣ አርመው እንደገና ማውጣት ግድ ሆኖባቸዋል። ንድፉን ሳትጨርሱ ለባዮሎጂ መምህር አሳዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የአገር ስም በላቲን ፊደል፣ ዋጋው በቁጥር መኖሩንም አትርሱ። ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1908 ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ ነው። ለፖስታ ቤቱ ማህተምም አስቡ፤ ማህተም ሲያርፍበት ዋናው ምስል እንዳይጠፋ።

ዓመተ ምሕረቱንም ሁለቴ ፈትሹት። 1964 ከሚለው ቁጥር አጠገብ "ዓ.ም." ብቻ ከጻፋችሁ፣ አንባቢው በእኛ አቆጣጠር ይወስደውና ግኝቱ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይዘገያል።