የከባድ መኪና ላቫጆ ልትከፍቱ ነው? ከወለሉ ጀምሩ

ሾፌሩ ራሱ የሚያጥብበት የከባድ መኪና ላቫጆ ካሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ፓምፕ ላይ አታፍስሱ። ወለሉ ይቅደም። ከከባድ መኪና ሥር የሚወርደው ጭቃና ጠጠር ቀላል አይደለም።

ኮንክሪቱ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ያዘቅዝቅ። ከመውረጃው ቀጥሎ ጭቃው የሚዘቅጥበት ሰፊ ጉድጓድ፣ ከዚያ በኋላ የዘይት መለያው ይምጣ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መለያው በአሸዋ ይደፈናል። የጉድጓዱ ክዳን ደግሞ መኪናው ከሚቆምበት ቦታ ውጭ ይሁን፤ አለበለዚያ በተጠረገ ቁጥር ሥራ መቆሙ ነው። ሳሙናም ዝም ብሎ አይገዛም። ዘይቱን ከውሃው ጋር አዋህዶ የሚያስቀር ዓይነት ከሆነ፣ ዘይቱ መለያውን ሰተት ብሎ ያልፋል።

መኪናው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይውጣ። ተሳቢ ይዞ ወደ ኋላ መውጣት ራሱን የቻለ አበሳ ነው! የውሃ ቱቦውን ከላይ በሚዞር ክንድ ላይ አንጠልጥሉት፤ መሬት ላይ ከተተወ መኪና ይሄድበታል።

አንድ ማስጠንቀቂያም በትልቁ ለጥፉ፦ የመርጫው አፍ ከጎማ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ኃይለኛ ውሃ ጎማን ይጎዳል፣ ጉዳቱም ወዲያው ላይታይ ይችላል።