ከውጭ በሚመጣ ቴክኖሎጂ ሲነግዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች (ለሰሜን ሸዋ ነጋዴዎች)

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ላይ ስልክ ለሚሸጥ ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ የሶላር ፓምፕ ለሚተክል ሰው የዋሽንግተንና የቤጂንግ ሽኩቻ የማታ ዜና ይመስለዋል፤ ቀጣዩ ኮንቴይነር እስኪመጣ። ከታች ያሉት ስህተቶች ክብደታቸው እኩል አይደለም። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ገዢ አገር ላይ ሙሉ በሙሉ መደገፍ። አሜሪካ በ2000 ባወጣችው የአጎዋ ሕግ ከአፍሪካ የሚሄድ ልብስ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ያለዚህ ዕድል በአንዳንድ የሰው ሠራሽ ጨርቅ ልብስ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ከ30 በመቶ ይበልጣል። የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2019 ሲመረቅ ይህ ዕድል ነበረ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ግን ኢትዮጵያ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከተጠቃሚዎች ዝርዝር ተሰረዘች። የትኛውም ስፌት መኪና አልተበላሸም፣ የሠራተኛው እጅም አልፈዘዘም፤ ሒሳቡ ግን በአንድ ሌሊት ተለወጠ። ለውጭ ገበያ የምታመርቱ ከሆነ፣ ገዢያችሁ አገር ነገ ቀረጥ ቢጥል የሚገዛችሁ ሌላ ማን እንዳለ ዛሬውኑ አስቡት።

ወገን መምረጥ። «የቻይና ዕቃ አልነካም» ወይም «የምዕራቡን ተዉት» የሚል ነጋዴ ያስገርመኛል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2021 ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ሲከፍል ከባለድርሻዎቹ መካከል የእንግሊዝና የጃፓን ገንዘብ ነበረ። መረቡን ሲዘረጋ ግን የቻይናውን የሁዋዌንም የፊንላንዱን የኖኪያንም መሣሪያ ተከለ። ይህ ዘዴ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም፤ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1841 ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሃሪስ ጋር ውል ፈረሙ፣ በ1843 ደግሞ ከፈረንሳዩ ከሮሼ ዴሪኩር ጋር ተዋዋሉ። ከሁለቱም ስጦታ ተቀበሉ፤ ለአንዱ ብለው ሌላውን አላባረሩም።

ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ሳይጠይቁ መግዛት። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በዚህ ነውና። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት በመከልከሉ ገበያውን የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ሞልቶታል። በዚያው ዓመት አሜሪካ በእነዚህ መኪኖች ላይ 100 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ አውሮፓም ተጨማሪ ቀረጥ አከለች። ወዲያ የተከለከለ አምራች ወዲህ ገበያ ይፈልጋል። ይህ ለገዢ መልካም ነው። ነገር ግን በግል አስመጪ ከሚገቡት ብዙዎቹ የተሠሩት ለቻይና የውስጥ ገበያ ነው፦ ስክሪኑ በቻይንኛ ይጽፋል፣ አንዳንዱ አፕ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ የቻርጀሩ ሶኬትም የቻይና ደረጃ ነው። ሶፍትዌሩ ቢበላሽ ጋራዡ ውስጥ ያለው መካኒክ ቁልፍና መፍቻ ይዞ ምን ያደርጋል? (የእኛ ብርድ ሳይቆጠር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ባትሪ በብርድ ርቀቱ ያጥራል፣ ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ደግሞ 260 ኪሎ ሜትር ነው።) ከመክፈላችሁ በፊት ቋንቋው ይቀየር እንደሆነ፣ ባትሪውን እዚህ ማን እንደሚመረምር፣ ዋስትናውን ማን እንደሚያከብር በጽሑፍ ተቀበሉ።

ስልክ ነጋዴዎችም ይህን ያውቁታል። አሜሪካ በ2019 ኩባንያዎቿ ያለ ፈቃድ ለሁዋዌ እንዳይሸጡ ከከለከለች በኋላ የኩባንያው አዳዲስ ስልኮች ያለ ጉግል አፖች ወጡ። ካሜራው ግሩም ነበር፤ ፕሌይ ስቶር የለመደ ደንበኛ ግን ስልኩን መልሶ ይመጣል።

በዱቤ በብር መዋዋል። ዕቃው በዶላር የሚተካ ከሆነ ይህ ራስን መቅጣት ነው። ጁላይ 29 ቀን 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ በዚያው ቀን የዓለም የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ለወራት ዱቤ የሰጠ ሰው ገንዘቡ ሁሉ ተመልሶለትም ያንኑ ፓምፕ መልሶ መግዛት አቃተው። የዱቤውን ጊዜ አሳጥሩ፣ ወይም ዋጋው በክፍያው ቀን እንደሚታይ ውሉ ላይ አስገቡ።

ባሕሩን መርሳት። ወደብ የለንም ማለት ባሕሩ አይነካንም ማለት አይደለም። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የየመን ታጣቂዎች የሆኑት የሁቲዎች ጥቃት የቀይ ባሕርን የመርከብ መድን አናረ። በ2024 የተመታችው ሩቢማር መርከብ ደግሞ ስትሰጥም መልህቋን እየጎተተች የኢንተርኔት ኬብሎችን እንደቆረጠች ይታመናል። ለበጋ መስኖ የሚሸጥ ፓምፕ ክረምቱ ሳይጋመስ ይታዘዝ፤ ኢንቨርተሩና ሌላው ቶሎ የሚበላሸው መለዋወጫም በዚያው ኮንቴይነር ይጫን።