ለግቢው ስንት ቢያጆ አፈር? ችግርና መፍትሄ

ሣር ለመትከል ግቢ ሲደለደል አፈሩ ወይ ያንሳል፣ ወይ ተርፎ መኪና ማቆሚያውን ይዘጋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በሜትር ኩብ ሳይሰላ በቢያጆ፣ ማለትም በመኪና ምልልስ፣ ተገምቶ መታዘዙ ነው።

አፈሩ ግቢውን ሳይሸፍን አለቀ

አይሱዙና ሲኖትራክ እኩል አይጭኑም። ስለዚህ "ሁለት ቢያጆ ይበቃል" የሚለው ወሬ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። መጀመሪያ ግቢውን ለኩ፦ 10 ሜትር በ6 ሜትር፣ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 10 × 6 × 0.15 = 9 ሜትር ኩብ ነው። ቀጥሎ ጭነቱ ከመገልበጡ በፊት የመኪናውን መጫኛ ውስጡን ለኩ። 4 ሜትር በ2 ሜትር ሆኖ አፈሩ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ከደረሰ፣ የመጣላችሁ 6.4 ሜትር ኩብ ነው። ሹፌሩ ቢቸኩልም ለክታችሁ አስገልብጡ፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

አንዱ ጥግ ሞልቶ ሌላው ጎደለ

መሬቱ ተዳፋት ነው። በጣም የሚያሳስተው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ዓይን ትንሽ ተዳፋት አያይም። ካስማ ትከሉ፣ አፈሩ እንዲደርስ በምትፈልጉት ከፍታ ላይ ሲባጎ ወጥሩ፣ በውሃ ልክ አስተካክሉ። ከዚያ በየ2 ሜትሩ ከሲባጎው እስከ መሬት ለኩና አማካዩን ውሰዱ። በዚያው ግቢ የላይኛው ጫፍ 5፣ የታችኛው 35 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ቁልቁለቱ ወጥ ቢሆን አማካዩ 20 ነው፤ 12 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ላይኛውን ጫፍ ብቻ የለካ ሰው ግን 3 ብሎ ያዛል!

ውሃ ሲጠጣ ሰመጠ

ተቆፍሮ የተጫነ አፈር በውስጡ አየር አለው። ውሃ ሲያገኝ ይቀመጣል፤ ኮምፖስት የበዛበት ደግሞ ይብስበታል። ከስሌቱ 20 በመቶ ጨምራችሁ እዘዙ፦ ለ9 ሜትር ኩብ 10.8 መሆኑ ነው። በአንዴ አትዘርግፉት። ስስ አድርጋችሁ አንጥፉ፣ ውሃ አጠጡ፣ በእግር ቀለል አድርጋችሁ ረግጡና ቀጣዩን ድገሙ።

ተረፈ

ለሣር 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የተረፈውን ዛፍ ግንድ ሥር አትከምሩ፣ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። ግድግዳም ላይ አታስጠጉ፣ እርጥበት ወደ ቤት ይገባል።

በበጋ ያስተካከላችሁት ክረምት ላይ ተዛባ

ከሥር ያለው መረሬ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ነው፤ ቦሌና አቃቂ አካባቢ ብዙ አለ። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል። አዲሱ አፈር ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ልኬታችሁን ያበላሻል። ስንጥቁ እስኪገጥም ቀስ እያላችሁ ውሃ አጠጡት፤ ከዚያ በኋላ ለክታችሁ እዘዙ።