ኢሜጁ ደህና ነበር፤ ያለቀው ባትሪው ነው

አራት ኪሎ ያለችው የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤታችን ኮምፒውተር መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ አልነሳ አለ። ዊንዶውስ 10 አርማውን ያሳይና ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» (የምነሳበትን ዲስክ ማግኘት አልቻልኩም እንደማለት) ብሎ ይቆማል።

ባክአፕ ስላለኝ አልደነገጥኩም። ክሎንዚላ በሚባለው የዲስክ መቅጃ ፕሮግራም የያዝኩትን የሃርድ ዲስክ ኢሜጅ (የዲስኩን ሙሉ ቅጂ) መለስኩ፤ ያው ሰማያዊ። በማግስቱ ከዚያ የቀደመውን መለስኩ፤ ያው። ክሎንዚላ ኢሜጁን ሲፈትሽ ደህና ነው ይላል። ዲስኩ ሞቷል ብዬ አዲስ ኤስኤስዲ ዲስክ ገዝቼ ኢሜጁን ጫንኩበት። ያው! ገንዘቡ ግን ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ስገባ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ነገሩ እዚያ ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ ስላለቀ፣ መብራት ሲጠፋ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ ተመልሷል፤ የሳታ ሞዱም (ማዘርቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) ኤኤችሲአይ ከሚባለው ሬይድ ወደሚባለው ዞሯል። ዊንዶውሱ የተጫነው በኤኤችሲአይ ስለሆነ ሲነሳ የሬይዱን ድራይቨር (በዚያ መንገድ ዲስኩን የሚያገኝበትን ፕሮግራም) አይጠራም፤ ዲስኩ ይጠፋዋል። ኢሜጅ ደግሞ የሚይዘው ዲስኩ ላይ ያለውን እንጂ የባዮስ ሴቲንግ አይደለም።

ገመዱን ነቅዬ ሲአር 2032 ባትሪ ቀየርኩ (ሰዓት ሠሪ ጋ ይገኛል)። ቀኑን አስተካክዬ፣ ሳታውን ኤኤችሲአይ አድርጌ ሴቭ አልኩ። ተነሳ። አሁን ኢሜጅ በያዝኩ ቁጥር የባዮሱን ገጽም በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ።