በጣና ዳር የቆመ ገላጭ ሰሌዳ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ገላጭ ሰሌዳ፣ ማለትም ለጎብኚ ስለ ቦታው የሚያስረዳ ሰሌዳ፣ ሲደበዝዝ ወይም ሲላጥ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ያንኑ ፋይል አሳትሞ እዚያው መልሶ መለጠፍ ነው። መንስኤው ሳይታወቅ የተተካ ሰሌዳ ግን እንደ መጀመሪያው ይበላሻል። ስለዚህ በባሕር ዳር መናፈሻዎችም ሆነ በዘጌ ማተሚያ ቤቱን ከመውቀስ በፊት ሰሌዳው የቆመበትን ቦታ መመርመር ይቀድማል።

ሥዕሉ ወደ ሰማያዊ አድልቷል፤ ቀዩ ጠፍቷል

ክፈፉን ፈተው ጠርዙን ይዩ። ክፈፉ የሸፈነው ክፍል እንደ አዲስ ከሆነ ጥፋቱ የፀሐይ ነው። እሱም አብሮ ከተበላሸ ችግሩ ፋይሉ ወይም የኅትመት ቀለሙ ላይ ነው።

ከአራቱ የኅትመት ቀለሞች ፀሐይ ቀድማ የምታጠፋው ማጀንታውንና (ወደ ሐምራዊ የሚያደላውን ቀይ) ቢጫውን ነው፤ ሲያን (ውሃ ሰማያዊው) እና ጥቁሩ ይቆያሉ። የዘጌ ቡና ቀይ ፍሬ የሚታተመው ከማጀንታና ከቢጫ ስለሆነ ይገረጣል፤ የዋንዛ ቅጠል ደግሞ ቢጫው ሲለቀው ሰማያዊ ይመስላል። እዚህ ነገሩን የሚያባብሰው አቅጣጫው ነው። ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተደቡብ ስለሆነች ሐይቁን የሚያይ ጎብኚ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፤ የሰሌዳው ፊት ደግሞ ወደ ደቡብ ይሆናል። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ገደማ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ አብዛኛው በጋም ደመና የለበትም። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለምትል፣ ለንባብ ይመቻል ተብሎ ከአግድም በ35 ዲግሪ ብቻ ቀና ያለን ሰሌዳ ፊት ለፊት ትመታዋለች። ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ መሆኑም ጨረሩን ያበረታዋል።

መፍትሄው ከአንድ በላይ ነው። ሲያሳትሙ ለውጭ የሚሆን የሶልቨንት ወይም የዩቪ ቀለም ይጠይቁ፤ ላዩ ላይ ጨረር የሚከላከል፣ የማያንጸባርቅ ላሚኔሽን (ስስ የፕላስቲክ ሽፋን) ይለበጥ። የሚቻል ከሆነ ሰሌዳውን ቀጥ አድርገው አጭር ክዳን ይሥሩለት። ከዋርካ ሥር መትከል ጥላ ይሰጣል፤ ነገር ግን ፍሬውና የወፍ ኩሱ ፊቱን ስለሚያበላሹ በየሳምንቱ የሚያጥብ ሰው ከሌለ አይመረጥም። ከሁሉም በላይ ቁም ነገሩን በቀይና በቢጫ ብቻ አያስተላልፉ። በካርታ ላይ የእግር መንገዱ በቀይ መስመር ብቻ ከተሠመረ ቀለሙ ሲጠፋ መንገዱም ይጠፋል፤ በጥቁር ነጠብጣብ ይሠመር።

ስቲከሩ (ላሜራው ላይ የተለጠፈው ኅትመት) አብጧል ወይም ከጠርዙ ተላጧል

እብጠቱ መሐል ላይ በትናንሽ ነጥቦች ከሆነ፣ ኅትመቱ ሳይደርቅ ላሚኔሽን ተለብጦበታል። ውስጡ የቀረው ሶልቨንት (የቀለሙ ማሟሚያ ፈሳሽ) ሙጫውን ያለሰልሰዋል። የታተመው ቢያንስ 24 ሰዓት ተዘርግቶ መተንፈስ አለበት፤ ጠቅልሎ ማቆየት አይቆጠርም። ልጠቱ ከጠርዝ ከጀመረ ውሃ ገብቷል፣ ወይም ላሜራው በሳሙና ብቻ ታጥቦ ቅባቱ ቀርቷል። በአልኮል ተጠርጎ ይድረቅ፤ ማዕዘኖቹ ክብ ይሁኑ፤ ላሚኔሽኑ ከኅትመቱ 5 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ ላሜራውን ራሱን ይያዝ።

ስቲከሩ ደህና ሆኖ ሰሌዳው ራሱ ከተወዛወዘ ብሎኖቹን ይዩ። 1.2 ሜትር የሆነ አሉሚኒየም ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። መሐል ያለው አንድ ቀዳዳ በብሎኑ ልክ ይሁን፤ ሌሎቹ ከብሎኑ 2 ሚሊ ሜትር ይስፉ። ብሎኑ የማይዝግ ሆኖ ከሥሩ የፕላስቲክ ዋሸር ይግባ።

ፊደሉ ተበላሽቶ ታትሟል

ሣጥን ወይም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ከወጣ ጽሑፉ የተተየበው በድሮ የግዕዝ ፕሮግራም ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አቀማመጥ ስለነበራቸው ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ አይነበብም። ወደ ዩኒኮድ ይቀየር፣ ከዚያ ቃል በቃል ይታረም፤ መቀየሪያዎቹ አንዳንድ ፊደል ይስታሉና። ለማተሚያ ቤት የሚላከው ፒዲኤፍ ፊደሉ ወደ ቅርጽ (ፎንት ወደማያስፈልገው ሥዕል) የተለወጠበት ይሁን፤ የሚታረመውን ቅጂ ግን እርስዎ ዘንድ ያስቀምጡ።

አራት ነጥብ በመስመር መጀመሪያ ላይ ከተንጠለጠለ የዲዛይን ፕሮግራሙ የእኛን ሥርዓተ ነጥብ አያውቅም ማለት ነው። እያንዳንዱን መስመር በዓይን ማየት ግድ ነው። ጭ፣ ጩ፣ ቋ፣ ሟ ከተደፈኑ ፕሮግራሙ በሐሰት አወፍሯቸዋል፤ በራሱ ወፍራም ሆኖ የተሠራ ፎንት ይጠቀሙ። የላቲን ሳይንሳዊ ስም ዘንበል ብሎ ይጻፋል፤ ፊደላችንን ግን በግድ ማዘንበል ቅርጹን ያበላሸዋል። አጽንዖት ካስፈለገ በቀለም ይሁን።

ሰው ቆሞ አያነብም

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ሰሌዳው ንጹሕ ሆኖ ሥራውን አይሠራምና። መጀመሪያ መጠኑን ይለኩ። ከ1 ሜትር ርቀት ለሚነበብ ዝርዝር ጽሑፍ ከ30 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ) ያላነሰ፣ ለርእስ ከ90 ያላነሰ፣ የመስመር ርቀቱ የፊደሉን 1.4 እጥፍ ይሁን። አንድ ሰሌዳ ከ100 የአማርኛ ቃላት አይለፍ። የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ልጆችም በተሽከርካሪ ወንበር ያለም ያነቡታል። ከማሳተም በፊት በኤ4 ወረቀቶች በልኩ አትመው፣ ቦታው ላይ አስረው በቀትር ያንብቡት።

መጠኑ ደህና ከሆነ ጥፋቱ አጻጻፉ ላይ ነው። «ደንገል በውሃ አካላት ዳርቻ የሚበቅል የዕፅዋት ዝርያ ሲሆን» ብሎ የሚጀምር ሰሌዳ አንባቢውን በመጀመሪያው መስመር ያጣዋል። «ፊት ለፊትዎ ያለው ደንገል ነው። ከእርስዎ ቁመት በእጥፍ ያድጋል። ታንኳ የሚሠራው ከዚህ አገዳ ነው» ሲል ግን ዓይኑ ወደ ተክሉ ይሄዳል። ካርታም እንዲሁ፦ ሐይቁን ለሚያይ ሰው ሰሜኑ ከላይ ይሁን፤ ጀርባውን ለሐይቁ ለሰጠ ግን ካርታው ይገልበጥ።

ምሰሶው ዘምሟል

መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። እስከ 1 ሜትር ቆፍሮ ማውጣት፣ በዙሪያው ሰሌክት (የማያብጥ የተመረጠ ሙሌት አፈር) ሞልቶ መጠቅጠቅ፣ ኮንክሪቱን ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ውሃ እንዲወርድ አናቱን ማሾል ይበጃል። ሐይቁ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ብሎ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ስለሚል፣ በግንቦት ዳር ላይ የተተከለ ሰሌዳ በመስከረም ውሃ ውስጥ ይገኛል። ከመትከል በፊት ያለፈው ክረምት በድንጋይና በግንድ ላይ የተወውን የውሃ ምልክት ይፈልጉ።

በገዳም ዕቃ ቤት ውስጥ ጽሑፉ አይታይም

ለብራና የሚፈቀደው ብርሃን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ገደማ፣ ማለትም ደብዛዛ ስለሆነ በጥቁር ላይ የታተመ ቀጭን ነጭ ፊደል ይሟሟል። ጥቁር በደብዛዛ ነጭ ላይ፣ ከ24 ፖይንት ያላነሰ ይሁን። ብርሃኑን ለጽሑፉ ሲሉ አይጨምሩ፤ መግለጫውን ብራናው ካለበት ሣጥን አርቀው ፊቱን ወደ ብራናው ያላዞረ ትንሽ መብራት ይስጡት። ጨረር የሚከለክል መስታወት ቢኖርም የሚታየው ብርሃን ራሱ ይጎዳል። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሚስማርም ሆነ ሙጫ አይነካ፤ የጣና ገዳማት የመቅደስ ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸውና በራሱ የሚቆም ማቆሚያ ይዘጋጅ።